በሰው አገር ጐዳና

ሰው ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ ሲነሣ ምክር የማይሰጠው የለም። እናት ስለ ብርዱ፥ አባት ስለ ገንዘቡ፥ ጓደኛ ስለ ሌባው ይነግሩታል፤ ጎረቤትም በርበሬና ሽሮ ቋጥራ ትመጣለች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገሬ ስወጣ እንደዚሁ ተመክሬና ተሸክሜ ወጣሁ። ነገር ግን ከመካሪዎቼ መካከል «የማታውቀውን አገር ሕግ የምታከብረው ስለ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ ስንኳ አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ጥያቄው ወደ ልቤ የገባው በኋላ፥ 60 ዩሮ ከከፈልሁበትና አንድ ደግ ሰው ካሳፈርሁበት በኋላ ነው።

«እንዳገሩ ይኖሯል፥ እንደ ወንዙ ይሻገሯል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ይህ ተረት ብልኅነትን ያስተምራል፤ በማያውቀው መሻገሪያ የገባ ሰው በውሃ ይወሰዳልና። ነገር ግን ብልኅነትና ግዴታ አንድ አይደሉም። ብልኅ ሰው ወንዙ የጎደለ ዕለት በፈለገበት በኩል ይሻገራል። እንግዲህ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ከአንተ ጋር ልመረምረው የምፈልገው ነገር ይህ ነው፤ ወንዙ ጎድሎ፥ ዘበኛው ተኝቶ፥ የሚያየን ሰው ሳይኖር፥ እኛ ያላወጣነውን የሰው አገር ሕግ እንድንጠብቅ የሚያስገድደን ምንድን ነው?

ጀርመን አገር የሄደ መንገደኛ አስቀድሞ የሚደነቅበት ነገር ለባቡሩ በር የሌለው መሆኑ ነው። በለንደን ወይም በፓሪስ በምድር ውስጥ ባቡር የሚሳፈር ሰው ቲኬቱን ካላሳየ በቀር የማይከፈት መዝጊያ ይገጥመዋል። በርሊንን በመሰሉ የጀርመን ከተሞች ግን መዝጊያም ዘበኛም የለም፤ ሰው ከመንገድ ወርዶ ወደ ገዛ ቤቱ እንደሚገባ ሆኖ ወደ ፉርጎው ይገባል። ከመሳፈሪያው ዳር ወይም ከፉርጎው ውስጥ አንዲት ትንሽ ሣጥን ተሰቅላለች። በወረቀት ቲኬት የሚሄድ ሰው፥ ቲኬቱ ሲገዛ ሰዓቱ ያልታተመበት እንደ ሆነ፥ በሣጥኗ አፍ ያገባዋል፤ እርስዋም ቀጭ ብላ ቀኑንና ሰዓቱን ታትምበታለች። መታተም ሲገባው ያልታተመ ቲኬት፥ ምንም እንኳ በገንዘብ የተገዛ ቢሆን፥ እንዳልተገዛ ይቈጠራል። ከዚህም በላይ በርሊን ከነአካባቢዋ ኤ፥ ቢ እና ሲ በሚባሉ ሦስት ክልሎች የተከፈለች ስለ ሆነች፥ ለኤና ለቢ የተገዛ ቲኬት በሲ ክልል አያገለግልም። አውሮፕላን ማረፊያው የሚገኘው ደግሞ በሲ ክልል ነው። ስለዚህ እንግዳ ሰው ገና ከአውሮፕላን እንደ ወረደ፥ ክፉ ሐሳብ ሳይኖረው፥ ሕግ ሊያፈርስ ይችላል። ተቈጣጣሪ ሲመጣ «አላወቅሁም» ማለት አያድንም፤ መቀጫው ከ2015 ጀምሮ 60 ዩሮ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት የጀርመን ከተማ አንድ ወር ያህል ተቀምጬ ነበር። ያሳደረኝ ሰው የሰፈራችን ልጅ፥ በዕድሜ ግን የሚበልጠኝ፥ ጋሼ እያልሁ ያደግሁት ሰው ነው። ሥራው በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሌሊት ሌሊት ሽማግሌዎችን ማንሣት፥ ማገላበጥና ማጠብ ነበር። በደረስሁ በማግሥቱ ወደ ገበያ ይዞኝ ሲወጣ ሣጥኒቱን አሳየኝና «ይህችን እንዳትረሳ፤ እዚህ አገር ሰው ባያይህም ወረቀት ያይሃል» አለኝ። እኔም እሺ አልሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልሁ። ይህን ያህል ጊዜ ስመላለስ ቲኬቴን አሳየኝ ያለኝ ሰው አልነበረም። ብልጠቴ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አንዲት ቲኬት ገዝቼ ሳላሳትማት በኪሴ እይዛለሁ፤ በትራሙ ውስጥ ከሣጥኗ አጠገብ እቆማለሁ፤ ተቈጣጣሪ ካየሁ ፈጥኜ አሳትማታለሁ፥ ካላየሁ ለነገ ትተርፋለች። በእንደዚህ ያለ ዘዴ አንዲቱን ቲኬት ዘጠኝ ቀን ተመላለስሁባት። ልጅ ነበርሁ ብዬ እንዳላመካኝ ልጅ አልነበርሁም፤ ገንዘብም አላጣሁም ነበር። ደስ ያሰኘኝ ገንዘቡ ሳይሆን ብልጠቱ ነው፤ ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይቀላል።

በዐሥረኛው ቀን ማታ ጋሼ ወደ ሥራው ሲሄድ ልሸኘው አብሬው ወጣሁ። እርሱ ፎቶግራፍ ያለበት የወር ቲኬት ስላለው ማሳተም አያስፈልገውም፤ ገብቶ ተቀመጠ። እኔ እንደ ልማዴ ከሣጥኗ አጠገብ ቆምሁ። ተራ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች አብረውን ተሳፈሩ። በሩ እንደ ተዘጋ አንደኛው ከኮቱ ውስጥ መታወቂያውን አወጣ፤ ሁለተኛው ደግሞ መጥቶ ከእኔና ከሣጥኗ መካከል ቆመ። እጄ ከኪሴ ወጥታ በአየር ላይ ቀረች።

የእኔ ነገር በአምስት ደቂቃ አለቀ። ፓስፖርቴን አይተው ስሜን ጻፉና መቀጫውን የሚናገር ወረቀት ሰጡኝ። የጋሼ ነገር ግን እንዲህ በቶሎ አላለቀም። አብረን እንደ ነበርን ስላዩ፥ መልካችንም አንድ ስለ ሆነ፥ ቲኬቱን ወደ መብራት አንሥተው ገለባበጡት፤ መታወቂያም ጠየቁት። የመኖሪያ ፈቃዱ ለእድሳት ገብቶ ስለ ነበር በእጁ የነበረው ጊዜያዊ ወረቀት ነው፤ ያንን ደግሞ ተጠራጠሩት። ከትራሙ አውርደው ስልክ እየደወሉ በብርድ ላይ አቆሙት። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል። ከሚያዩት ሰዎች አንዲቱ ከሚሠራበት ቤት አጠገብ ዳቦ የምትሸጥለት ሴት ነበረች። እርስዋን ባየ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። በመጨረሻ ወረቀቱ ትክክል መሆኑ ታውቆ ለቀቁት፤ ነገር ግን በአሥራ አንድ ዓመት ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ ዘግይቶ ገባ።

«ጋሼ፥ ይቅር በለኝ» አልሁት።

እርሱም ሳይቈጣ «የአንተ ስድሳ ዩሮ ናት፤ ከፍለሃት አገርህ ትገባለህ። እኔ ግን ነገም የምሄደው በዚሁ ትራም ነው» አለኝ።

ተቈጣጣሪዎቹ በጋሼ ላይ ያደረጉት ትክክል ነው አልልም። አንዱ ስለ በደለ በመልክ የሚመስለውን ሰው መጠርጠር የፍርድ ሥራ አይደለም። ያን ሌሊት ተኝቼ ሳለሁ በእነርሱ ላይ ብዙ ነገር አሰብሁ፤ መልስም አዘጋጀሁ፤ ለጋዜጣ ልጽፍም ቃጣሁ። ነገር ግን በእነርሱ ላይ ባሰብሁ ቍጥር አንድ ነገር እየመጣ ይከለክለኝ ነበር፤ እነርሱን ወደ ጋሼ የመራኋቸው እኔ ነኝ። የእነርሱ ጥፋት የእኔን ጥፋት አያጥበውም። እኔ ራሴን እንደ አንድ ሰው ቈጥሬ ነበር የተጓዝሁት። ሰው በገዛ አገሩ ሲያጠፋ የሚሰደበው በስሙ ነው፤ በሰው አገር ሲያጠፋ ግን የሚሰደበው በመልኩ ነው፥ መልኩንም የሚካፈሉት ብዙዎች ናቸው። ይህ እንዲህ መሆኑ የሚገባ አይደለም፤ መሆኑን እያወቁ ግን እንደሌለ አድርጎ መሄድ ዕዳውን በሌላ ሰው ትከሻ ላይ መጣል ነው።

አሁን በዚያ ዘጠኝ ቀን ውስጥ ለራሴ እሰጠው የነበረውን ምክንያት ልመርምር። አንደኛው «ድርጅቱ ሀብታም ነው» የሚል ነበር፤ ይህ የሌባ ሁሉ ምክንያት ስለ ሆነ አልዘገይበትም። ሁለተኛው ግን ብርቱ ነው። «እኔ ብሳፈርም ባልሳፈርም ትራሙ መሄዱ አይቀርም፤ ወንበሩም ባዶ ነው፤ እንግዲህ የጎዳሁት ማንን ነው?» እል ነበር። በእውነቱ ሰው ለይቼ ይህን ጎዳሁ ማለት አይቻለኝም። ይሁን እንጂ ትራሙ የሚሄደው ሌሎች ስለ ከፈሉ ነው፤ እነርሱም እያንዳንዳቸው «እኔ ባልከፍልም ይሄዳል» ሊሉ ይችሉ ነበር። የእኔ ብልጠት የቆመው የእኔ ብልጠት በሌላቸው ሰዎች ላይ ነው። ከዚህም በላይ ያ በር የሌለው መግቢያ ለመንገደኛው ሁሉ የተሰጠ ስጦታ ነው፤ አሮጊቲቱ በምርኩዟ፥ እናቲቱ በሕፃን ጋሪዋ ያለ መዝጊያ የሚገቡት ሰው ይታመናል ተብሎ ነው። ያመነኝ ሰው ባይኖር ኖሮ የማታለል ዕድልም አላገኝም ነበር።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር ከሰው አገር የምንማረው መሆን አልነበረበትም። አባቶቻችን ዘበኛ በሌለበት መንገድ ላይ አንድ ቃል ነበራቸው። ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንዱ ሊሸሽ ወይም ሊማታ ሲል «በሕግ አምላክ!» ይሉታል፤ በዚህ ቃል እንኳን ሰው የሚፈስ ውሃ ይቆማል ተብሎ ይታመን ነበር። ተከራካሪዎቹም በመንገድ የሚያልፈውን ሰው «ዳኘን» ብለው ያስቆሙታል፤ እርሱም ከተራ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነገራቸውን ይሰማል። በኋላም ወደ ዋናው ዳኛ እስኪደርሱ ድረስ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፥ ቁራኛ ሆነው፥ አንድ ላይ ይሄዱ ነበር። የነጠላ ቋጠሮ ማንንም አስሮ ሊያስቀር እንደማይችል የታወቀ ነው፤ የሚፈታው በአንድ መሳብ ነው። ያሰራቸው ጨርቁ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁታል። የዚያች ትራም ሣጥንና ይህ የነጠላ ቋጠሮ የአንድ ነገር ሁለት መልክ መሆናቸውን ባስብ ኖሮ ዘጠኝ ቀን ባልተመላለስሁ ነበር።

ሦስተኛው ምክንያቴ «ሕጉ የእኔ አይደለም» የሚለው ነው፤ ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ይመስለኛል። ስለ ሕግ መታዘዝ የተናገሩ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ለዜጋ ነውና። ሶቅራጥስ በ399 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በአቴና ሞት በተፈረደበት ጊዜ ወዳጁ ክሪቶን ወደ ወኅኒ ቤት መጥቶ እንዲያመልጥ ለመነው፤ እርሱ ግን እንቢ አለ። ፕላቶን ይህን ነገር በጻፈበት መጽሐፍ ውስጥ የአቴና ሕግጋት እንደ ሰው ሆነው ሶቅራጥስን ይወቅሱታል፤ ያስወለድንህ፥ ያሳደግንህ፥ ያስተማርንህ እኛ ነን፥ እንደ አባትና እናትህ ነን ይሉታል። ይህ ነገር ለእንግዳ አይሠራም። እኔን የጀርመን ሕግ አላሳደገኝም።

ነገር ግን ሕግጋቱ ሁለት ሌሎች ነገሮችም ይናገራሉ፤ እነዚህንም ሳነብ ለመንገደኛ የተጻፉ መሰለኝ። አንደኛው፥ ያልወደደን ሰው ገንዘቡን ይዞ ወደ ወደደው አገር ይሄድ ዘንድ ፈቅደናል፤ እያወቀን የቀረ ግን በሥራው ተስማምቶናል የሚል ነው። ይህ ነገር በአገሩ ከተወለደው ሰው ይልቅ በፈቃዱ ተነሥቶ በመጣው እንግዳ ላይ ይበረታል። ዜጋው አገሩን አልመረጠም፤ እኔ ግን ቪዛ ለማግኘት ተሰልፌያለሁ፥ ፎርም ሞልቼ ፈርሜያለሁ። ሁለተኛው ደግሞ፥ ሶቅራጥስ ሕግ አፍርሶ ወደ ቴብስ ወይም ወደ ሜጋራ ቢሸሽ መልካም ሕግ ባላቸው በእነዚያ ከተሞች እንደ ጠላት እንደሚታይ፥ ለአገሩ የሚያስብ ሰው ሁሉም በጥርጣሬ እንደሚመለከተው ይነግሩታል። ሶቅራጥስ የፈራው ለራሱ ስም ነበር። የእኔ ጥርጣሬ ግን ያረፈው በጋሼ ላይ ነው። (እዚህ ላይ ስደተኛን ከመንገደኛ መለየት ይገባል። ጦርነት ወይም ረኃብ አባሮት የመጣ ሰው መረጠ ሊባል አይቻልም፤ በእርሱ ላይ ይህን ክርክር ማቅረብ ግፍ ይሆናል። እኔ የምናገረው እንደ እኔ ደስ ብሎት ስለ ሄደ ሰው ነው።)

ካንት የተባለው የጀርመን ፈላስፋ በ1795 ስለ ዘላለም ሰላም በጻፈው መጽሐፍ ስለ እንግዳ መብት ተናግሯል። ካንት ዕድሜውን በሙሉ ከተወለደባት ከኮኒግስበርግ አካባቢ ርቆ አልሄደም፤ ስለ መንገድ ያሰበው ግን ብዙ ከዞሩት ሰዎች ይበልጣል። ምድር ክብ ናት፥ ሰዎችም ያለ መጨረሻ ሊበታተኑባት አይችሉም፤ ስለዚህ መጠጋጋት ግድ ነው ይላል። ከዚህም ተነሥቶ እንግዳ የሆነ ሰው በሰው አገር እንደ ጠላት ላለመታየት መብት አለው፤ ይህም ምጽዋት አይደለም ይላል። ነገር ግን ይህን መብት ከአንድ ነገር ጋር አያይዞታል፤ እንግዳው በገባበት ስፍራ በሰላም እስከ ተቀመጠ ድረስ ነው። አገራችን የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፥ አሳድሩኝ» ሲል በር ይከፈትለት ነበር፤ እርሱም በበኩሉ መሣሪያውን ከምሰሶ ላይ ሰቅሎ የተሰጠውን ቦታ ይዞ ይቀመጣል። ጓዳ ገብቶ እንስራ የሚከፍት እንግዳ ግን ነውረኛ ነበር፤ ምንም እንኳ ጠላው ብዙ ቢሆን።

አንድ ሰው «ሕጉ ሁሉ ምክንያት ያለው ይመስልሃልን? አንዳንዱ እኮ ልማድ ብቻ ነው» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው። በሞያሌ በኩል ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ በመኪና የሚሻገር ሰው እስከ ድንበሩ በቀኝ ይነዳል፤ ድንበሩን ሲያልፍ በግራ ይነዳል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። ስዊድን እስከ 1967 ድረስ በግራ ትነዳ ነበር። በ1955 ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ አብዛኛው ለውጡን ተቃውሞ ነበር፤ ፓርላማው ግን በ1963 እንዲለወጥ ወሰነ። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1967 ሊነጋ ሲል በመንገድ ላይ የነበሩ መኪናዎች ሁሉ ቆሙ፥ ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ተሻገሩ፥ ጥቂት ደቂቃ ጠበቁ፤ በእኛ አቈጣጠር ልክ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን በቀኝ ነዱ። ከአንድ ደቂቃ በፊት ሕጋዊ የነበረው አነዳድ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ነፍስ የሚያጠፋ ሆነ። መንገዱም፥ መኪናውም፥ ሰውየውም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ስምምነቱ ብቻ ነው። ስለዚህ «ልማድ ብቻ ነው» የምንለው ሕግ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም፤ ከስምምነት በቀር ሌላ ደጋፊ ስለሌለው አንድ ሰው ሲያፈርሰው ወዲያው ይወድቃል።

ይህ ነገር ለነጂ ብቻ አይደለም። በለንደን በእግር መሻገሪያዎች ላይ «ወደ ቀኝ ተመልከት» የሚል ቃል በአስፋልቱ ላይ በነጭ ቀለም ተጽፏል፤ በቀኝ ከሚነዳበት አገር የመጣ እግረኛ መኪና በማይመጣበት በኩል አይቶ ስለሚገባ ነው። ዐይናችን የአገራችንን ሕግ ሳናውቀው ተምሯል፤ በሰው አገር ግን ዐይናችንን ማመን የለብንም። መኪና መንዳት የሚፈልግም ሰው ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የሚባለው ደብተር በራሱ ፈቃድ አለመሆኑን ይወቅ፤ የአገር ቤቱን ፈቃድ በሌሎች ቋንቋዎች የሚተረጕም ነውና ያለ ዋናው አያገለግልም። ይህን ሳያውቁ ደብተሩን ብቻ ይዘው የሄዱ ሰዎች በፖሊስ ፊት ሲቸገሩ አይቻለሁ።

በጀርመን ቀይ መብራት እያለ መንገድ የሚሻገር እግረኛ 5 ዩሮ ይቀጣል። ገንዘቡ የቡና ዋጋ ነው፤ ነገር ግን በእኩለ ሌሊት፥ መኪና በሌለበት ባዶ ጐዳና ላይ፥ ሰዎች አረንጓዴ እስኪበራ ቆመው ሲጠብቁ ይታያሉ። በመጀመሪያ ስቄባቸው ነበር። በኋላ በአንዳንድ መሻገሪያ ላይ ለልጆች ምሳሌ እንድንሆን በአረንጓዴ ብቻ እንሻገር የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ያ ማስታወቂያ ሕጉን በቅጣት ሳይሆን በሚያየን ሕፃን ላይ አቆመው። ይሁን እንጂ ሁሉንም አልደግፍም፤ በእኩለ ሌሊት የሚያይ ሕፃን የለም፥ እንዲህ ያለው መጠበቅም አንዳንድ ጊዜ ከማሰብ መስነፍ ይመጣል። እኔ ዛሬ በዚያ ሰዓት እቆማለሁ፤ የምቆመው ግን እንግዳ ስለ ሆንሁ ነው እንጂ በአገሬ ብሆን እቆም እንደ ሆነ እጠራጠራለሁ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ደርሰናል። የሰው አገር ሕግ ክፉ ቢሆንስ? በጀርመን ሳይከፍሉ መሳፈርን ወንጀል ያደረገው ሕግ የገባው በ1935 ነው፤ እስከ አንድ ዓመት እስራት ያደርሳል ተብሎ ተጽፏል። በፍርድ ቤት የተወሰነባቸውን መቀጫ መክፈል አቅቷቸው ወኅኒ የገቡ ብዙ ድኾች አሉ፤ ጀርመኖች ራሳቸው በዚህ ነገር ይከራከራሉ፤ በ2021 የተጀመረ አንድ ማኅበር ገንዘብ እየሰበሰበ እንዲህ ያሉትን እስረኞች ያስፈታል። ድኻ ስለ ቲኬት መታሰሩ ለእኔም ፍርድ አይመስለኝም። ታዲያ የእኔን የኪስ ብልጠት ከእነዚያ ድኾች ጋር ላቈራኘው እችላለሁን?

በ1893 ጋንዲ ገና የ23 ዓመት ጠበቃ ሳለ ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ነበር። ጁን 7 ቀን የአንደኛ ማዕረግ ቲኬት ይዞ በባቡር ሲጓዝ፥ አንድ ነጭ ተሳፋሪ ስለ መልኩ ስለ ተቃወመ፥ ወደ ዝቅተኛው ፉርጎ እንዲሄድ አዘዙት። እርሱ ግን ቲኬት አለኝ፥ አልሄድም አለ። በፒተርማሪትዝበርግ ጣቢያ ገፍትረው አወረዱት፤ ሌሊቱን በመጠበቂያ ክፍል በብርድ ሲንቀጠቀጥ አደረ። ይህን ታሪክ ከዚያ በፊትም አውቀው ነበር፤ ከትራሙ ነገር በኋላ ግን ያላስተዋልሁትን አንድ ነገር አየሁበት። እርሱም እንግዳ ነበር፥ እኔም እንግዳ ነበርሁ፤ እርሱም ከባቡር ወረደ፥ እኔም ወረድሁ። የእርሱ ቲኬት ግን ተከፍሎበት ነበር። እንቢ ያለውም በሰው ሁሉ ፊት፥ በግልጥ ነው፤ የሚመጣበትንም በራሱ ላይ ተቀበለ። እኔ በተቈጣጣሪው ፊት የማልናገረውን ነገር ነበር በኪሴ የያዝሁት። ክፉ ሕግን የሚቃወም ሰው እንዲታይ ይፈልጋል፤ እኔ ዘጠኙን ቀን ሁሉ የጸለይሁት እንዳልታይ ነው። ይህን ካየሁ በኋላ ስለ ድኾች እስራት መናገሬን ተውሁ፤ ከእነርሱ ስም በስተኋላ መደበቅ ሌላ ብልጠት ይሆንብኛልና።

ወጣት አንባቢዬ ምናልባት ነገ ትሄድ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት ነገር ልጨምርልህና ወደ ጋሼ ልመለስ። ሸንገን በሚባለው ስምምነት ውስጥ ላሉት የአውሮፓ አገሮች የአጭር ጊዜ ቪዛ ሲሰጥህ በማናቸውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቀመጥ አይፈቀድም፤ ቪዛህም ከዚያ ያነሱ ቀኖች ሊጻፉበት ስለሚችሉ አንብበው። የገባህበትም የወጣህበትም ቀን ይቈጠራል፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የፓስፖርትህን ግልባጭ ከፓስፖርቱ ለይተህ አኑር። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች አደጋ ሲደርስ የሚደወለው በ112 ነው። ብትያዝ አትሩጥ፥ አትጩኽ፥ ያልገባህንም ወረቀት አትፈርም። በ1963 በቪየና የተጻፈው የቆንስላ ውል የታሰረ የውጭ አገር ሰው ለአገሩ ቆንስላ እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ብዙዎች ይህን ሳያውቁ ብቻቸውን ይሰቃያሉ። ሕግን ማክበር ማለት ዝም ብሎ መገፋት ማለት አይደለም፤ ሕጉ ለአንተ የሰጠውንም ማወቅ ከማክበሩ ይቈጠራል። ጋሼ በዚያ ምሽት ጊዜያዊ ወረቀቱ ሙሉ መብት እንደሚሰጠው ያውቅ ስለ ነበር ድምፁን ሳያነሣ ደጋግሞ ነገራቸው፤ የለቀቁትም ስለዚህ ነው።

መቀጫዬን በማግሥቱ ሄጄ ከፈልሁ። መስኮት ላይ የነበረችው ሴት ደረሰኙን ስትሰጠኝ «መልካም ቀን» አለችኝ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያም ወደ መጦሪያ ቤቱ ሄጄ ለአለቃው የዘገየው በእኔ ምክንያት መሆኑን ልናገር አሰብሁ፤ ጋሼ ግን «ተው፤ ሁለተኛ አታንሣው» ብሎ ከለከለኝ። ትክክል ያደረገ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እኔም መከልከሌ ደስ እንዳለኝ አልክድም።

የቀረኝን አንድ ሳምንት ማታ ማታ እንደ ወትሮው ሸኘሁት። ስለዚያ ምሽት አንድ ቃል አልተናገረም፤ ስለ አገር ቤት፥ ስለ እናቴ ጤንነት፥ ስለ ሽማግሌዎቹ ጠባይ ይጫወታል። ነገር ግን ከዚያ በፊት ትራም ሲገባ ወዲያው ሄዶ የሚቀመጥ ሰው፥ ያን ሳምንት ከበሩ አጠገብ ዘንግ ይዞ ይቆም ነበር። ወደ እኔ አያይም፤ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። ሣጥኗ ቀጭ ስትል ወደ ወንበሩ ይሄዳል።